ፒተር ላሎር ማንን ከዳ? ከወርቅ ቆፋሪዎች ምሽግ እስከ አፈ ጉባኤ ወንበር

በፈረንጆቹ ኦገስት 31 ቀን 2025 ሜልቦርንና ሲድኒን ጨምሮ በአውስትራሊያ ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «ስደተኛ ይብቃን» ብለው አደባባይ ወጡ። እንዲህ ዓይነት ሰልፍ በተጠራ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፦ «እናንተስ ከየት መጣችሁ?» የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የጣሊያን ስደተኞች የልጅ ልጆች ዛሬ የመጣውን ሕንዳዊ በምን አፋቸው ሂድ ይሉታል? መልሱ አፍ ያዘጋል። ግን በውስጡ አንድ ያልተመረመረ ግምት አለ፤ ስደትን የቀመሰ ሰው ስደተኛን አይጨክንበትም፣ ሥልጣን ቢይዝማ በሩን ለቀጣዩ ይከፍታል የሚል። ይህን ግምት ለመፈተን ከፒተር ላሎር የተሻለ ሰው አላገኘሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1854 የቪክቶሪያ (ሜልቦርን ያለችበት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት) መንግሥት ላሎርን ለጠቆመ 200 ፓውንድ እሸልማለሁ ብሎ አወጀ። መሣሪያ አንሥቶ የመንግሥትን ጦር የተዋጋ ሽፍታ ነበር። በ1880 ደግሞ ያው ሰው የዚያው ቅኝ ግዛት ፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆኖ ተቀመጠ። ዛሬ በሜልቦርን ሰሜናዊ ዳርቻ አንድ ሰፈር በስሙ ይጠራል፤ በከተማዋ ምዕራብ በኩል ደግሞ አንድ የፌዴራል ምርጫ ክልል «ላሎር» ይባላል። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሆነውን ብዙዎች በአንድ ቃል ይጠቀልሉታል፦ ክህደት። የወርቅ ቆፋሪዎቹ ደማቸውን አፍስሰው አወጡት፣ እሱ ግን ወንበር ላይ ሲወጣ ረሳቸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ላሎር ከመጀመሪያው ማን እንደነበረ ልብ ያለው ሰው፣ በኋላ ያደረገው ነገር ብዙም አይገርመውም።

የተወለደው በፌብሩዋሪ 1827፣ ያኔ ኩዊንስ ካውንቲ ዛሬ ሊሽ በሚባለው የአየርላንድ አውራጃ ነው። ቤተሰቡ የነጣ ድኻ አልነበረም። አባቱ ፓትሪክ ላሎር ሰፊ እርሻ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ከ1832 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በለንደኑ ፓርላማ አውራጃውን ወክሏል። ካቶሊኩ ገበሬ ለፕሮቴስታንቷ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አሥራት እንዲከፍል መገደዱን አጥብቆ ተቃውሟል። የፒተር ታላቅ ወንድም ጄምስ ፊንታን ላሎር ከዚያም አልፎ ሄደ፤ የአየርላንድ መሬት የአየርላንድ ሕዝብ ነው፣ ባለርስቱ የሚይዘው ሕዝቡ እስከፈቀደለት ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። «መሬት ላራሹ»ን ለሰማ የእኛ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። ፊንታን በ1849 ሞተ። ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ያመጣው ረሃብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ጨርሶ፣ ሌላ ሚሊዮን ያህሉን በመርከብ አሳፍሮ ከአገር ያስወጣበት ዘመን ነበር።

ፒተር ከእነዚያ ተጓዦች አንዱ ነው፤ ግን የተሰደደው ትምህርት ይዞ ነው። በካርሎ ኮሌጅ ተምሯል፣ ደብሊን ላይ በምህንድስና ሠልጥኗል። በ1852 ከወንድሙ ከሪቻርድ ጋር ሜልቦርን ሲደርስ መጀመሪያ የሠራው ወደ ጂሎንግ በሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ነበር፤ ቀጥሎም በአንድ የመጠጥና የሸቀጥ ንግድ ውስጥ ድርሻ ገባ። ወንድሙ ወደ አገሩ ተመልሶ ኋላ እንደ አባታቸው ለንደን ፓርላማ ገባ። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የሚፈልገው ነገር ገና ከመነሻው ግልጽ ነው፦ የራሱ መሬት፣ የማይደፈር ንብረት፣ ያለ ፈቃዱ ግብር የማይጥልበት መንግሥት። ሁሉም ሰው እኩል ይሁን የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከንግዱ ወደ ወርቅ የሳበው አገሩን በሙሉ የሳበው ኃይል ነው። በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ከተገኘ በኋላ የቅኝ ግዛቱ ሕዝብ በአሥር ዓመት ከ77 ሺህ ገደማ ወደ 540 ሺህ ገደማ አሻቀበ። ላሎር በ1854 መጀመሪያ ባላራት ወደምትባለው የወርቅ ስፍራ ገብቶ ዩሬካ በሚባለው፣ አየርላንዳውያን በሚበዙበት መስመር ጉድጓድ ያዘ።

እዚህ ላይ የወርቅ ቁፋሮ ፈቃዱን ነገር በደንብ ማየት ያስፈልጋል፣ አመፁ የተወለደው ከእሱ ነውና። መንግሥት ከእያንዳንዱ ቆፋሪ በየወሩ መጀመሪያ 30 ሽልንግ፣ ኋላም ዝቅ አድርጎ አንድ ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ወርቅ ያገኘም ያላገኘም እኩል ይከፍላል። ሌላ ቦታ ወርቁ ከላይ የሚለቀም ሊሆን ይችላል፤ ባላራት ላይ ግን የጥንት ወንዝ አሸዋ ከመሬት በታች ተቀብሮ ስለነበር ከሠላሳ ሜትር በላይ መቆፈር ግድ ነበር። ጥቂት ሰዎች ተቧድነው፣ ውኃ እየቀዱ፣ ግድግዳውን በእንጨት እየደገፉ ወራት ይለፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ፖሊሶቹ ደግሞ ከቅጣቱ ገንዘብ ድርሻ ስለሚያገኙ ፈቃድ የሌለውን ፍለጋ እንደ አደን ነው የያዙት። ጉድጓድ ውስጥ በጭቃ የተነከረው ቆፋሪ ወረቀቱን ድንኳኑ ትቶ ከተያዘ በሰንሰለት ይታሠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆፋሪው የመምረጥ መብት የለውም፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንብረት ባላቸው ሰዎችና መንግሥት በሾማቸው የተያዘ ነበር። በ1854 አጋማሽ የመጡት አዲሱ አገረ ገዥ ሰር ቻርልስ ሆታም ካዝናው ጎድሎ ስላገኙት ፍለጋው በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲሆን አዘዙ።

ኦክቶበር 7 ቀን ጄምስ ስኮቢ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቆፋሪ ዩሬካ ሆቴል ደጃፍ ተገደለ። ባለ ሆቴሉ ቤንትሊ ተጠርጥሮ ቀረበና ከዳኞቹ አንዱ ወዳጁ በሆነበት ችሎት ነፃ ተባለ። ኦክቶበር 17 ሕዝቡ ሆቴሉን አቃጠለው። ኖቬምበር 11 የባላራት ሪፎርም ሊግ ተቋቋመ፤ ለአዋቂ ወንድ ሁሉ የድምፅ መብት፣ ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ፣ ለተወካዮች ደመወዝ፣ የንብረት መመዘኛ መቅረት የሚሉትን ጥያቄዎች አነሣ። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝ ለሠራተኛው የድምፅ መብት በታገለው የቻርቲስቶች እንቅስቃሴ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው፤ ግንባር ቀደሙ ሃምፍሬይ የሚባል የዌልስ ሰው ነበር። በሊጉ አመራር ውስጥ ላሎር ስሙ ጎልቶ አይነሣም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ ነው፤ የዴሞክራሲውን ሰነድ ያረቀቀው እሱ አይደለም።

እሱ ብቅ ያለው ነገሩ ወደ ጉልበት ሲያመራ ነው። ኖቬምበር 30 ጠዋት ፖሊስ እንደገና ለፍለጋ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ቆፋሪዎቹ ቤከሪ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ሲሰበሰቡ የሚመራቸው ሰው ጠፋ፤ የሊጉ ሰላማዊ መሪዎች ወደ ኋላ ብለዋል። ያኔ ላሎር 27 ዓመቱ ነው፣ ረጅምና ትከሻ ሰፊ። ከወራት በኋላ ጋዜጣ ላይ በወጣው ጽሑፉ ቅጽበቷን ሲያስታውሳት፣ ለረጅም ጊዜ የተሸከሙት በደልና የዚያ ዕለቱ ጥቃት ባንድ ጊዜ ሽው እንዳለበት፣ የተበደለ ሰው እልህ እየነደደው ጉቶው ላይ ወጥቶ «ነፃነት!» ብሎ እንደጮኸ ይናገራል። ከዚያ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነጭ መስቀልና አምስት ኮከብ በተሰፋበት ባንዲራ ሥር ተንበርክከው ማሉ፦ በደቡብ መስቀል (በባንዲራው ላይ ባለው የኮከቦች ስብስብ) እንምላለን፣ እርስ በርሳችን በእውነት ልንቆም፣ መብታችንንና ነፃነታችንን ልንጠብቅ። የነብር ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም የሚሉት ዓይነት ሰዓት ነበር።

ምሽጉ በጉድጓድ መደገፊያ እንጨትና በተገለበጠ ጋሪ የተሠራ አጥር ነው። ቅዳሜ ሌሊት የመለያ ቃላቸው «ቪኒገር ሂል» ነበር፤ በ1798 አየርላንዳውያን አማፂዎች በእንግሊዝ ጦር የተደመሰሱበት ኮረብታ። ቃሉ አየርላንዳዊ ያልሆኑትን አንዳንዶቹን ቅር አሰኝቶ አሸሸ ይባላል። እሑድ ንጋት ላይ ጥቃት ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ብዙው ሰው ወደየድንኳኑ ሄዷል፤ ዲሴምበር 3 ወደ 300 የሚጠጉ ወታደሮችና ፖሊሶች ሲመጡ ምሽጉ ውስጥ የቀረው የእነሱን ግማሽ ያህል ነው። ሁሉም ነገር በሩብ ሰዓት ገደማ አበቃ። ከሃያ በላይ ቆፋሪዎችና ጥቂት ወታደሮች ሞቱ። ላሎር ግራ ክንዱን ከትከሻው አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ ጓደኞቹ በሣንቃ ከድነው ደበቁት፤ ወታደሮቹ በአጠገቡ አልፈው ሄዱ። ኋላ በአባ ፓትሪክ ስሚዝ ቤት ሐኪሞች ክንዱን ቆረጡት። በጋሪ ወደ ጂሎንግ ተወስዶ፣ እጮኛው አሊሺያ ደን እያስታመመችው ተደብቆ ከረመ፤ እሷ አስተማሪ ነበረች፣ በጁላይ 1855 ተጋቡ።

ቀጥሎ የሆነው ለመንግሥት ውርደት ነው። በአገር ክህደት የተከሰሱትን 13 ሰዎች የሜልቦርን ዳኞች ሸንጎ አንድ በአንድ ነፃ ለቀቃቸው። መጀመሪያ የተለቀቀው ጆን ጆሴፍ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ሕዝቡ ወንበር ላይ አስቀምጦ ተሸክሞ በየመንገዱ አዞረው። ወርኃዊው ፈቃድ ተሻረ፤ በምትኩ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት የቆፋሪ መብት መጣ፣ እሱን የያዘ ድምፅ ይሰጣል። ላሎር ላይ የነበረው ሽልማት ተነሣ፣ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ሰጡት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ተቀናቃኝ ሳይኖርበት የባላራት ተወካይ ሆኖ ምክር ቤት ገባ።

ክህደት የሚባለው እዚህ ይጀምራል። በ1856 አዲሱ ፓርላማ ስለ ምርጫ ሕግ ሲከራከር ላሎር የቆመው ንብረት ላለው ሰው የበለጠ ድምፅ ከሚሰጠው ወገን ጋር ነበር። ባላራት ተናወጠች፤ ሰውየው ዴሞክራት አይደለም እንዴ ተባለ። መልሱ ሳይሸፋፈን መጣ። ዴሞክራሲ ስትሉ ቻርቲዝም ወይም ኮሚዩኒዝም ወይም ሪፐብሊክ ማለታችሁ ከሆነ፣ ዴሞክራት ሆኜ አላውቅም፣ አይደለሁምም፣ ወደፊትም አልሆንም፤ ዴሞክራት ማለት ግን ለጨቋኝ ጋዜጣ፣ ለጨቋኝ ሕዝብና ለጨቋኝ መንግሥት አልገዛም የሚል ሰው ከሆነ፣ ነበርሁ፣ ነኝ፣ እሆናለሁም አለ። «ጨቋኝ ሕዝብ» የምትለዋን ልብ ይሏል። ከምሽግ የወጣ ሰው ገና በሁለት ዓመቱ ሕዝብም ሊጨቁን ይችላል ብሎ ይሟገታል። በቀጣዩ ምርጫ የቆፋሪዎቹን ክልል ትቶ ሳውዝ ግራንት ወደሚባል ሌላ ክልል ተሻገረ፤ ብዙውን የፓርላማ ዕድሜውንም እዚያ አሳለፈ።

እኔ እዚህ ላይ የሚታየኝ ወጥነት ነው። ላሎር የተዋጋው የሠራበትን ጉድጓድ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ በገዛ ድካሙ ያገኘውን ነገር ያለ ውክልና ከሚነጥቅ መንግሥት ጋር ነው። አባቱ አሥራቱን የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። ሃምፍሬይ የጠየቀው ሰፊ ድምፅ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንታት ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ባንዲራ ሥር ቆሙ፣ ከዚያ መንገዳቸው ተለያየ። የዘመኑ ፓርላማ ራሱ ለባለ ንብረት የተቆረጠ ልብስ እንደነበርም አንርሳ። በ1856 ከደብሊን የመጣው ታዋቂው የጋዜጣ አዘጋጅ ቻርልስ ጋቫን ደፊ፣ በአገሩ በክህደት ተከሶ የነበረና ኋላ የቪክቶሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው፣ ለምርጫ የሚያበቃ ንብረት ስላልነበረው ደጋፊዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ገዝተውለታል።

የላሎር የሚኒስትርነት ዘመን እምብዛም አያጓጓም። የጉምሩክና የፖስታ ኃላፊነቶችን ይዟል፣ ከ1880 እስከ 1887 አፈ ጉባኤ ሆኖ አገልግሏል፣ ጤናው ሲታወክ ፓርላማው 4 ሺህ ፓውንድ ሰጥቶ አሰናብቶታል፤ በፌብሩዋሪ 1889 ሞተ።

ይልቅ ክለንስ ላይ ቆም እንበል። ከባላራት በስተሰሜን ባለችው በዚህች የማዕድን ከተማ ሎታይር የሚባል የወርቅ ኩባንያ ነበር፤ ላሎር ከዲሬክተሮቹ አንዱ ነው። በ1873 ሠራተኞቹ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ አንገባም ብለው አድማ መቱ። ኩባንያው ቻይናውያን ሠራተኞችን በርካሽ ሊያስገባ ወሰነ። ዲሴምበር 9 ማለዳ፣ በፖሊስ የታጀቡ ሠረገላዎች ቻይናውያኑን ጭነው ሲመጡ የከተማው ሰው መንገዱን በእንጨትና በቁሳቁስ ዘግቶ ጠበቃቸው። ሴቶቹ ሳይቀሩ ድንጋይ ወረወሩ። ሠረገላዎቹ ዞረው ወደ ባላራት ተመለሱ። ከ19 ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ንጋት ከአጥር ጀርባ የነበረው ሰው፣ አሁን ከፖሊስ ጋር አጥሩን ሊያስጥስ ከሞከረው ወገን ነው።

የላሎር ከሳሾች ይህን ታሪክ ይወዱታል፣ መውደዳቸውም አይፈረድበትም። ግን ታሪኩን እስከ ጫፍ አይሄዱበትም። የክለንስ ሕዝብ ያሸነፈው አድማ ሰባሪን ብቻ አይደለም፤ ጩኸቱ «ቻይና ውጣ» ነበር። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ቻይናውያንን በአባልነት አልተቀበለም። ሠረገላው ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ለላሎር ርካሽ ጉልበት፣ ለአድመኞቹ ደግሞ ጠላት ነበሩ። እነሱ ምን እንደሚሹ የጠየቃቸው አልነበረም። ለስደተኛ የቆመ አንድም ወገን በማይገኝበት ግጭት ውስጥ ላሎርን ብቻ ነጥሎ ስደተኛን ካደ ማለት ልክ አይደለም።

ነገሩ ደግሞ ከክለንስ አልጀመረም። የዩሬካን በደል የመረመረው ኮሚሽን የቆፋሪው ፈቃድ እንዲሻር ሲመክር፣ በዚያው ሪፖርቱ የቻይናውያን መግባት እንዲገደብ አሳሰበ። በ1855 ቪክቶሪያ በመርከብ በሚመጣ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ጣለች። ቻይናውያኑም ጎረቤት ደቡብ አውስትራሊያ ሮብ በምትባል ወደብ እየወረዱ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየተጓዙ ወርቁ ስፍራ ደረሱ። አንዱ ስደተኛ ከግፍ ቀረጥ ሲገላገል በሌላው ላይ የባሰ ቀረጥ ተጫነ፣ ሁለቱም ከአንድ መዝገብ ወጡ። ምድሪቱ ራሷ ደግሞ የአገሬው ተወላጅ የሆነው የዋዳውሩንግ ሕዝብ ነበረች፤ በግ አርቢዎቹ ወርሰዋት ከገቡ ገና ሃያ ዓመት አልሞላም። በሪፎርም ሊጉ ጥያቄዎች ውስጥ ስለነሱ አንዲት መስመር የለችም።

ለዚህም ነው ዛሬ ያ ሰማያዊ ባንዲራ በማን እጅ ይገባል የሚለው ክርክር መቋጫ የማያገኘው። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር አባላት በቆብና በክሬን ላይ ይለጥፉታል፤ ስደተኛን የሚጠሉ ብሔርተኞች ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምረው ተሸክመውታል፤ በ2021 በሜልቦርን የኮሮና ገደብን የተቃወሙትም አውለብልበውታል። ማኅበሩ «የእኛ ነው» ሲል እውነቱን ነው፣ ሌሎቹም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም፤ ምሽጉ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው ነበር።

ወደ ተነሣሁበት ግምት ስመለስ፣ በላሎር ስም የሚጠራው የምርጫ ክልል ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ከ1998 እስከ 2013 ክልሉን የወከሉት ጁሊያ ጊላርድ ናቸው፤ በዌልስ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አውስትራሊያ የመጡ ስደተኛ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በማርች 2013፣ ምርጫ ሲቃረብ፣ የውጭ አገር ሠራተኞች ከሰልፉ ፊት፣ አውስትራሊያውያን ከኋላ የሚቆሙበትን አሠራር አስቆማለሁ ብለው ተናገሩ። የራሳቸው ስደት ምንም አላገዳቸውም፤ ምክንያቱም በዚያን ሰዓት ድምፅ የሚሰጣቸው ሰው ሥራዬን እነጠቃለሁ ብሎ የሚሰጋው ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው፣ ቤተ እስራኤላውያንን ባጓጓዘው ኦፕሬሽን ሙሴ፣ እስራኤል የገቡት ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመግባት ሲጠብቁ ከነበሩት ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑትን በአንድ አውሮፕላን አጅበው ሄዱ። ከላሎር የሚለያቸው የልብ ደግነት ነው ብዬ ለመደምደም እቸገራለሁ። ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ የሚወጣው፣ ድምፅ የሚሰጠው፣ ስልክ የሚደውለው ወገናቸው እናቱና ወንድሙ ጎንደር ካምፕ ውስጥ የቀሩበት ነው። ላሎር ግን ሳውዝ ግራንት ላይ ምረጡኝ ባለ ቁጥር፣ ከሮብ ወደብ በእግሩ የመጣ ሰው ዘመድ አንድም ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አያውቅም።